በየሰዓቱ አንድ ጠብታ

ኡሙሰልማ እንጀራዋን የምትበላው የሌላ ሰው ስፌት ስሕተት እየለቀመች ነበር። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ከረጅሙ የስፌት መስመር ጫፍ ላይ ቆማ፣ ተሰፍቶ የሚመጣላትን ሸሚዝ ትገለብጣለች። ኮሌታውን፣ የእጅጌውን መጋጠሚያ፣ የቁልፉን ቀዳዳ ታያለች። የዘለለ ስፌት ካገኘች ቀይ ቀስት ያለባትን ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ቦታው ላይ ትለጥፍና ሸሚዙን ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዓይን ነው። መስመሩ ላይ ያሉት ልጆች «ኡሙ ከመጣች ክሩ ራሱ ይደነግጣል» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም እየሳቀች ቀስቷን ትለጥፍባቸዋለች።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ፣ ረመዳን ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቀኝ ዓይኗ ቀላ። የጨርቅ ብናኝ የገባባት መስሏት በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበችው። በማግስቱ ሰርቪስ ላይ ስትወጣ የመስመሩ ኃላፊ ሮሃ አየቻትና፣

«አንቺ፣ ማነው ሲያስለቅስሽ ያደረው? ስሙን ንገሪንና እኛም እናስለቅሰው!» አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ኡሙሰልማም ሳቀች። ፋብሪካው ውስጥ ገብታ ከጣሪያው የሚወርደው ነጭ መብራት ሲያገኛት ግን ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር የተሰነጠቀ መሰላት። ሕመሙ እንደ ቆሻሻ የሚቆረቁር አልነበረም፤ ከቅንድቧ ሥር፣ ከጥልቅ ቦታ ነበር የሚመጣው። ያን ቀን ቀስት ያልለጠፈችባቸው ሦስት ሸሚዞች ከሌላ ተቆጣጣሪ እጅ ተመልሰው መጡ። ማንም አልተቆጣትም። እሷ ግን ፈራች፤ ያለፈቻቸውን ስፌቶች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

ፍርሃቱ ከሩቅ የመጣ ነው። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር የአባቷ ዓይን ሲጠፋ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የበትሩን ጫፍ ይዛ መስጊድ የምታደርሰውም፣ ገበያ የምታደርሰውም እሷ ነበረች። አንድ ቀን ጓደኞቿ ሲጫወቱ እያየች በንዴት ስትመራው፣ መንገዱ ላይ የነበረውን ድንጋይ ሳትነግረው አለፈች። አባቷ በግንባሩ ተደፋ። ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ «አብሽሪ ልጄ፣ ሳላየው ነው» አላት፣ ልክ እንደሚያይ ሰው። ኡሙሰልማ የታወረ ሰው ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን መሪው በልቡ ምን እንደሚያስብም ታውቃለች። ለዚህ ነው ከሁሉም ሰው ይበልጥ የምትፈራው።

ዓይን ሕክምና የሄደችው ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ዶክተር ዘሚካኤል ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነበር። አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ግንባሯን አስጠጋች። ቀጭን የብርሃን ስንጥቅ ዓይኗ ላይ ሲያልፍ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሰው የሚያየው መቅላቱን ነው። ቁጣው ግን ከውስጥ ነው» አላት። «ዓይንሽ ውስጡ ተቆጥቷል፣ ብግነት እንለዋለን። ሲቆይ ብሌኑ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል። ያንቺም ጀማምሮታል።»

ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ጻፈላት። ባለ ቀይ ክዳኑ ብሌኑን የሚከፍት ነው፤ ጠዋትና ማታ ይደረጋል። ባለ ነጭ ክዳኑ ስቴሮይድ ነው፤ ቁጣውን የሚያበርደው እሱ ነው።

«ነጩን በየሰዓቱ አንድ ጠብታ። ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽ እስክትተኚ ድረስ። አንድ ብቻ፤ ዓይን ከአንድ በላይ አይዝም። ከማድረግሽ በፊት በደንብ ነቅንቂው። ሲሻልሽ ደግሞ በራስሽ እንዳታቆሚ። ቀስ በቀስ የምቀንሰው እኔ ነኝ።»

«ዓይኔ ይጠፋል እንዴ ዶክተር?» ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

«በጊዜ መጥተሻል። እንዳልኩሽ ካደረግሽ ብዙ የሚያስፈራ ነገር የለም።»

የሁለት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ጻፈላት። ኡሙሰልማ ወረቀቱን አጥፋ ስትወጣ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «የሚያስፈራ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

የምትኖረው ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ለተማሪና ለሠራተኛ ክፍል በሚያከራዩ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ተከራዩ ሁሉ እንደ እናቱ ኣደይ ኣስካል ይላቸዋል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ያደረጉላት እሳቸው ናቸው። በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ «ወደ ላይ እዪ ኡሙ ጓለይ፤ ወደ ሰማይ! ኣጆኺ! አይዞሽ ልጄ!» እያሉ ጠርሙሱን ጨመቁት። ጠብታው ገባ። ወዲያው መራራ ነገር በአፍንጫዋ ጀርባ ወርዶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ።

«ኣደይ፣ መረረኝ!»

«ዓይን ደግሞ እንዴት ይመራል?»

«ጉሮሮዬን ነው።»

«ኣየ! እንግዲህ ዓይንሽና አፍሽ ጎረቤት ናቸው ማለት ነዋ» ብለው ሳቁ።

ኡሙሰልማ አልሳቀችም። ያን ቀንና በማግስቱ በየሰዓቱ አደረገች፤ በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ብርሃኑ የሚወጋት ቀነስ አለ። ይህን ለራሷ ሳትክድ ታውቀው ነበር። ግን በየጠብታው ጉሮሮዋን ስታዳምጥ ነው የዋለችው። መራራው አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም።

ማታውን ወንድሟ ጀይሉ የገበያ ሱቁን ዘግቶ ተምር ይዞላት መጣ። ጀይሉ ከወሎ መጥቶ መቐለ ላይ ጫማ መነገድ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እሷንም ያመጣት እሱ ነው።

«ነገ ጾም ነው» አላት። «አንቺ ግን ሐኪሙ ምን አለ? በሽተኛ እኮ ይፈቀድለታል።»

«ምንም አላለም። እጾማለሁ።»

«እንዲያ ነው የኔ እህት! አላህ ይርዳሽ።»

ኣደይ ኣስካል ከወዲያ ሆነው «እኛ ሁዳዴን ፈትተን ሳንጠግብ እናንተ ገባችሁበት። ይህ ግቢ መቼ ነው ምሳ የሚሸተው?» አሉ።

በሽተኛ እንደሚፈቀድለት ኡሙሰልማ አጥታው አይደለም። ግን ያን መራራ ነገር በየሰዓቱ፣ በጠራራ ፀሐይ እየዋጠች ጾመኛ ነኝ ማለት ማታለል መሰላት። ጾሙን ትታ መብላት ደግሞ ከዚያ ይብስ ነበር። ዓይኗን እንዲያተርፍላት ሌት ተቀን የምትለምነውን አላህን እንዴት በገዛ ወሩ ታስቀይመዋለች? ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ትጠይቅ ነበር። አሁን ግን መልሱን ፈራችው። «ጾሙን ፍቺ» ቢሏት ዱዓዋ የሚመለስባት መሰላት፤ «ጠብታውን አታድርጊ» ቢሏት ደግሞ ዓይኗ የሚጠፋ። ስለዚህ ማንንም ሳትጠይቅ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ከሌሊቱ ምግብ ከሱሑር እስከ ማፍጠሪያ ያለችው ጠብታ አሥራ ሦስትም ትሁን አሥራ አራት፣ ያችኑ ያህል ከማፍጠሪያ እስከ ሱሑር ብታደርግስ? ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እያደረገች። አሥራ አራት ጠብታ መቼም ቢገባ አሥራ አራት ነው። ዶክተሩ ዓይን ከአንድ በላይ አይዝም ያላትን አልረሳችም፤ ግን ፍርሃት የሰማውን ሁሉ እንዳልሰማ ያደርጋል። የተረፈው ጠብታ በጉንጯ ወርዶ አንገቷ ሥር ሲደርስ በሻርፗ ጠረገችው።

ቀን ቀን ዓይኗ ያለ ጠብታ ለብቻው ዋለ።

በጾሙ በአራተኛው ቀን ሕመሙ ወደ ቦታው ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለ የዘመን መቁጠሪያ ነበራት። በየጠዋቱ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በቀኙ ቁጥሮቹን ታነባለች። ትናንት አልጋው ጫፍ ላይ ሆና የለየችውን አምስትና ስድስት፣ ዛሬ ለመለየት ሁለት እርምጃ መቅረብ አለባት። በማግስቱ ሦስት። በሰባተኛው ቀን ግድግዳውን በአፍንጫዋ ልትነካው ምንም አልቀራትም፤ ቁጥሮቹ ግን በጭጋግ ውስጥ እንደሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። መስተዋት አንሥታ አየች። ብሌኑ ክብ አልነበረም። በአንድ ወገን ተጎትቶ፣ ጠርዙ እንደተቆረሰ ነገር ሆኗል። መስተዋቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ሲቀመጥ ድምፅ እንዳያሰማ እንኳ ተጠነቀቀች፣ ከተኛ አውሬ አጠገብ እንዳለ ሰው።

በስምንተኛው ቀን ለቀጠሮዋ ሄደች። ዶክተር ዘሚካኤል በመሣሪያው ብዙ ቆይቶ አያት። ሲተነፍስ እንኳ ፈራች።

«ጠብታውን እንዴት ነው የምትጠቀሚበት?»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሁለት በሽተኞች ተቀምጠዋል። ሲስተር ለተንሳኤ የምትባለው ነርስ ካርድ እየጻፈች ነው። ኡሙሰልማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እርስዎ እንዳሉኝ።»

«በየሰዓቱ?»

«አዎ።»

ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሣው። ባዶ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። «ጎበዝ» አለ። «ለተንሳኤ፣ አየሽ አይደል? እንደዚች ልጅ የሚታዘዝ በሽተኛ ባገኝ እኔ ፀጉሬ ባልሸበተ።» ነርሷ ቀና ብላ ፈገግ አለችላት። ኡሙሰልማ ፊቷ ጋለ። ውሸቷን የሚያጋልጥ አንድ ነገር ቢኖር ያ ጠርሙስ ነበር፤ እሱም ለውሸቷ ምስክር ሆኖ ቆመላት።

«ብሌንሽ ግን እየተጣበቀ ነው» አለ ዶክተሩ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ዙሪያውን ከገጠመ ግፊት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ነው የሚያሰጋው። በየሰዓቱ አድርገሽው ካልተመለሰ ጠብታው አልሠራልሽም ማለት ነው። ደም ትሰጫለሽ፣ የደረት ራጅም ትነሺያለሽ፤ የተደበቀ ሌላ ነገር እንዳለ ልይ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ስቴሮይዱን በመርፌ እንሰጥሻለን።»

«ክንዴን?»

«ከዓይንሽ ጎን ነው። ከነጩ ሽፋን ሥር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ማደንዘዣ የነገራትን አልሰማችም። ልትናገር አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተች። ግን «ጎበዝ» ብሏታል፤ ነርሷ ፈገግ ብላላታለች፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች ሰምተዋል። አሁን «ውሸቴን ነበር» ማለት ከመርፌው የማይተናነስ መሰላት። «እሺ» ብላ ወጣች።

እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ኋላም አታስታውሰውም። የራጁንና የደሙን ወረቀት ይዛ ከጀይሉ ጋር ወደ ሐኪሙ ስትመለስ፣ እንደ ልጅነቷ የእጅጌውን ጫፍ ይዛ ነበር። መጠበቂያው ላይ አንድ ዓይናቸው የታሸገ ሽማግሌ ከጎናቸው አስቀመጧትና «መርፌ ነው? ኣጆኺ ጓለይ፣ እኔም ተወግቻለሁ። ሚስቴ ናት የጮኸችው!» አሉ። ጀይሉ ሳቀ። እሷ ግን የወንድሟን እጅጌ ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

ስሟ ተጠርቶ ገባች። አጋደሟት። ከራሷ በላይ መብራት በራ። ከአጠገቧ የብረት ሳሕን ሲቀመጥ ድምፁን ሰማች፤ ምን እንዳለበት ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ነበር የሚመታው። ሲስተር ለተንሳኤ አገጯን በቀስታ መለሰችና የዓይኗን ቆብ ከፈት አደረገች።

«መጀመሪያ ማደንዘዣ ጠብታ ነው። አያምም።»

ኡሙሰልማ የነርሷን እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘች።

«ቆይ! ሲስተር፣ ጾመኛ ነኝ!»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ሲስተር ለተንሳኤ ጠብታውን እንደያዘች ቀረች።

«ጾመኛ?» አለች። «ታዲያ ጓለይ፣ ያቺን የየሰዓቷን ስታደርጊ ጾመኛ አልነበርሽም?»

ዶክተሩ ወደ ራስጌዋ መጣና ጎንበስ ብሎ አያት። «ኡሙሰልማ» አለ፤ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። «ቀን ቀን አታደርጊም ነበር?»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እንባዋ በሁለቱም ወገን ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ።

«ጠርሙሱስ? ባዶ ነበር እኮ።»

«ማታ። አራት አራት።»

ዶክተር ዘሚካኤል ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ሳሕኑ ላይ ጣለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ልወጋሽ ነበር እኮ!» አለ። ጮኾ ነው ያለው። ቀና ብላ ስታየው ግን ከቁጣው ሥር ድንጋጤ አየችበት። «ጠብታው ያልሠራልሽ መስሎኝ ልወጋሽ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ ግን የደበቅሽው መድኃኒቱን ነው። እንዲህ ያለ በሽተኛ አይቼ አላውቅም።»

«ዓይኔ እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለች። ስትናገረው ምንኛ ግራ የገባ ነገር እንደሆነ ለራሷም ታወቃት። «የምለምነው አላህን ነው። እንዴት እሱን አስቀይሜ...»

«እኔ ሸኽ አይደለሁም» አለ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስለ ጾሙ የምለው የለኝም። ወንድምሽ ውጭ ነው? ጥሪልኝ፣ ለተንሳኤ።»

ጀይሉ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «አንቺ ልጅ! አላህ በሽተኛ መሆንሽን አያውቅም መሰለሽ? ካርድ ልታሳዪው ነበር?» እያለ ስልኩን አወጣ። የደወለው ለሸኽ አብዱልወዱድ ነበር፤ ገበያው አጠገብ የነጋዴ ልጆችን ቁርኣን የሚያስተምሩ፣ ሁለቱንም መቐለ ከመጡ ጀምሮ የሚያውቁ አዛውንት። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሸኹ ከሰላምታ በኋላ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ልጄ፣ ዓይንሽ ታያለች?» አሉ መጀመሪያ።

«ትንሽ፣ ሸኽ። ጭጋግ ነው።»

«ያረቢ! አድምጪኝ። የዓይን ጠብታ ጾም አያስፈታም ያሉ ብዙ ዓሊሞች አሉ።»

«ጉሮሮዬ ይመረኛል እኮ።»

«ልብሽ ካልረጋ ደግሞ በሽተኛ ነሽ፤ ብዪ፣ ጠጪ፤ ስትድኚ የተውሽውን ቀን በሌላ ቀን ጾመሽ ቀዷ ታወጪያለሽ። በሁለቱም በኩል በሩ ክፍት ነው። አንቺ ግን መሐሉ ላይ ቆመሽ ዓይንሽን ልታጠፊ! ይህን ለመጠየቅ አሥር ቀን?» ቀጥለውም፣ «ሐኪሙ እዚያ አሉ? ዶክተር፣ ልጃችንን አደራ። ፈሪ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም።»

ስልኩ ተዘጋ። ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«አሁን ሁለት መንገድ አለን» አላት። «አንደኛው መርፌው ነው። ሁለተኛው ጠብታውን በሥርዓቱ ሞክረነው ስለማናውቅ፣ ሦስት ቀን ብቻ መሞከር። በየሰዓቱ፣ አንድ አንድ። ግን አልዋሽሽም፤ አሥር ቀን አባክነናል። በነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ዙሪያውን ከገጠመ፣ ወይም ሕመሙ ከባሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሮጠሽ ትመጫለሽ። የትኛውን?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቃት ሰው መልሱን እሷ እንድትሰጠው እየጠበቀ ነበር። መርፌውን ፈራችው። ሦስቱን ቀናትም ፈራቻቸው። ከሁሉ ይበልጥ ግን ከመርፌው ሽሽት ብላ ጠብታውን መርጣ እንዳይሆን ፈራች። እስካሁን ያደረሳት እንዲህ ያለው ሽሽት ነው።

«እርስዎ ቢሆኑስ?» አለች።

«እኔ ብሆን? ጠብታውን። ያልተሞከረ መድኃኒት አልሠራም አይባልም።»

የመጀመሪያዋን ጠብታ እዚያው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አደረገችላት ሲስተር ለተንሳኤ። ኡሙሰልማ መራራውን ስትውጥ እንደ ሌባ ዙሪያዋን አየች። ማንም አልተናገራትም።

ሦስቱ ቀናት ረጅም ነበሩ። ጾሟን አልተወችም፤ ጠብታዋንም አልተወችም፤ ቀኖቹን ግን ቀዷ አወጣቸዋለሁ ብላ በልቧ ያዘቻቸው። ስልኳ በየሰዓቱ ይጮኻል። ጮኾ ሳይጨርስ ኣደይ ኣስካል ከግቢው ማዶ «ኡሙ፣ ሰዓት!» ይላሉ፤ ቀጥለውም ክፍል ተከራይተው የሚያጠኑት ተማሪዎች «ኡሙ፣ ሰዓት!» ይላሉ፤ ግቢው ሁሉ የእሷን ዓይን መጠበቅ ያዘ። ዘመን መቁጠሪያውን ለማየት ግን አልደፈረችም። ገልብጣ ሰቀለችው። ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን እንደነበረ ዋለ፤ በሁለተኛው ማታ የቀነሰ መሰላት፤ መስሏት እንደሆነስ ብላ እንደገና ፈራች።

በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ሰሌዳ ፊት ቆመች። ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎች እግራቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ያዞሩ ናቸው፤ የእግራቸውን አቅጣጫ በእጅ ማሳየት ነው። ግራ ዓይኗን ሸፈነች። ትልቁን አሳየች። ሁለተኛውን መስመር፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ገምቺ» አላት ጀይሉ ከኋላ፣ በሹክሹክታ።

«አልገምትም» አለች። «አልታየኝም።»

ዶክተር ዘሚካኤል በመሣሪያው አየ። መብራቱ ዓይኗ ላይ ሲያልፍ ያን ቀን ፋብሪካው ውስጥ የተሰማት መሰንጠቅ አልነበረም።

«ቁጣው እየበረደ ነው» አለ። «ብሌንሽ ከታች ተላቅቋል። ከላይ በኩል አንድ ቦታ ላይ ግን እንደተጣበቀ ነው። እሱ ምናልባት አይለቅም። ብሌንሽም ከእንግዲህ ክብ ላይሆን ይችላል።»

«እይታዬስ?»

«ይጨምራል። እስከ የት እንደሚሆን ዛሬ ልነግርሽ አልችልም። መርፌው ለጊዜው ይቆየን። ደምሽና ራጅሽ ደህና ናቸው። ይህ በሽታ ግን ተመልሶ የመምጣት ጠባይ አለው፤ ጠብታውን ስንቀንስም በየሳምንቱ ዝቅ እያልን ነው፣ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። ስቴሮይዱ ራሱ ደግሞ የዓይን ግፊት ስለሚጨምር እየለካሁት እሄዳለሁ። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምትነግሪኝ ነገር ነው የሚመራኝ።»

ብዕሩን አነሣና ካርዷን ከፈተ። «ትናንት ስንት ጊዜ አደረግሽ?»

ኡሙሰልማ ጣቶቿን ከጉልበቷ ላይ አነሣች። ልቧ እንደ መርፌው ቀን መምታት ጀመረ። ጀይሉ አጠገቧ ነው፤ ሲስተር ለተንሳኤም ቀና ብላለች።

«አሥራ አምስት መሆን ነበረበት» አለች። «አሥራ አራት ነው ያደረግሁት። የስምንት ሰዓቷ አመለጠችኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ስልኩ ሲጮኽ አልሰማሁትም። ኣደይ ኣስካልም ልቅሶ ሄደው ነበር።»

ዶክተሩ «ጎበዝ» አላላትም። «አሥራ አራት» ብሎ ጻፈና የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቃት።